ሬቶሪክ፣ ኮሙኒኬሽን፣ ፎክሎር ወይስ የባህል ጥናት? ከድሬዳዋና ከሐረር ለሁለተኛ ዲግሪ ለሚያመለክቱ የንጽጽር መመሪያ

በቋንቋ፣ በጋዜጠኝነት ወይም በሕግ ተመርቆ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ተራው ሁለተኛ ነው። ሰው በንግግር ሌላውን ሰው እንዴት እንደሚያሳምን፣ እንደሚያስታርቅ፣ እንደሚያነሳሳ የሚያጠኑት ዘርፎች ስማቸው ይቀራረባል፣ የዕለት ሥራቸው ግን የተራራቀ ነው። አንዱ አንድን ንግግር ቃል በቃል እያገላበጠ ያነባል። አንዱ መጠይቅ በትኖ ይቆጥራል። አንዱ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል። አንዱ ደግሞ ከንግግሩ ጀርባ ያለውን የኑሮና የሥልጣን ልዩነት ይመረምራል። ስሙን ብቻ አይቶ የገባ ተማሪ ልዩነቱ የሚገለጥለት ፕሮፖዛል ለመጻፍ ሲቀመጥ ነው፤ ያኔ ዘርፍ መቀየር በአብዛኛው እንደ አዲስ መጀመር ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ በአራት ዘርፍ ዓይን

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ጎርፉ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል፤ ውሃው የሚወርደው በደቡብ በኩል ካለው ደጋ ነውና። ስለዚህ ወንዙ ዳር ለሚኖር ሰው የማስጠንቀቂያ ቃል የሕይወት ጉዳይ ነው።

እንበልና በአንድ ምሽት ሁለት ማስጠንቀቂያ ተነገረ። የመጀመሪያው «ነዋሪዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እናሳስባለን» ይላል። ሁለተኛው «ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ ውሃው ሳይደርስ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አሁኑኑ ወደ ከፍታው ውጡ» ይላል። አንዱ ሰፈር ወጣ፣ ሌላው እቤቱ ቀረ።

የሬቶሪክ (የንግግር ጥበብ) ተማሪ ሥራ ከቃሉ ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰዓት የለም፣ ቦታ የለም፣ የሚደረገው ነገር አልተለየም፤ «አስፈላጊው» ምን እንደሆነ የሚወስነው ሰሚው ነው። ተናጋሪው «እናሳስባለን» ሲል ቢሮ ሆኖ ይናገራል። ሁለተኛው ምክንያቱን ያስቀድማል፣ ግሱ ትእዛዝ ነው፣ «ልጆቻችሁን» ሲል ደግሞ ሰሚውን ወላጅ አድርጎ ይጠራዋል። ተማሪው ከዚህ ተነስቶ ቃሉን ማን ቢናገረው እንደሚታመን፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሲነገር ትእዛዙ ትእዛዝ ሆኖ እንደቀረ ወይም ወደ ምክር እንደለዘበ ይጠይቃል። አሜሪካዊው የሬቶሪክ ምሁር ሎይድ ቢትዘር እ.ኤ.አ. በ1968 የሰነዘረው ሐሳብ እዚህ ይጠቅማል፦ ንግግር የሚወለደው አስቸኳይ ችግር፣ አንድ ነገር ማድረግ የሚችል ሰሚና የሚገድቡ ሁኔታዎች ሲገናኙ ነው። ማስጠንቀቂያውን ሰምቶም መውጫ መንገድ የሌለው ሰው በዚህ አነጋገር ገና «ሰሚ» አልሆነም።

የኮሙኒኬሽን ተማሪ፣ በተለይ የማኅበራዊ ሳይንሱን መንገድ የሚከተለው፣ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ያን ያህል አይቆይም። ስንት ቤተሰብ ሰማ? በሬዲዮ፣ በቴሌግራም፣ በድምፅ ማጉያ ወይስ ከጎረቤት? ከሰሙት ውስጥ ስንቱ ወጣ? ናሙና ይመርጣል፣ መጠይቅ ያዘጋጃል፣ ውጤቱን በስታትስቲክስ ሶፍትዌር ያሰላል። ቁጥር የሚያስፈራው ሰው እዚህ ይቸገራል።

የፎክሎር ተማሪ ስለ ወንዙ የሚነገረውን ይሰበስባል፦ አሮጊቶች ጎርፍ የሚለዩበትን ምልክት፣ ተረቱን፣ ከአደጋው በኋላ የወጣውን እንጉርጉሮ። የባህል ጥናት ተማሪ ደግሞ ወንዙ ዳር የሠራው ማን ነው፣ ለምን ሌላ ቦታ አላገኘም፣ ከአደጋው በኋላስ ዜናው ለምን «ምክር ያልሰሙ» ብሎ ጠራቸው ብሎ ይነሳል። ይህ ዘርፍ በስም የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተው ማዕከል ወዲህ ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ቢዘጋም አካሄዱ ዓለምን አዳርሷል።

ከአራቱ ጥያቄዎች የትኛው ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳዎ ለራስዎ ይመልሱ። ቀሪው ምርጫ የሚቃናው ከዚህ በኋላ ነው።

ሬቶሪክ የሚባለው ነገር እኛ ጋ

በዕለት ወሬ «ሬቶሪክ ነው» ስንል ባዶ ዲስኩር ማለታችን ነው። በትምህርቱ ግን ሬቶሪክ ንግግር ሰውን የሚያንቀሳቅስበትን መንገድ የሚመረምር፣ ከጥንታዊት ግሪክ የሚቆጠር ዘርፍ ነው። አማርኛው «ሥነ ንግግር» ወይም «የንግግር ጥበብ» ይለዋል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሬቶሪክ በአብዛኛው ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሳይሆን በጋዜጠኝነት፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በፎክሎር ውስጥ እንደ ኮርስ ወይም እንደ ቴሲስ ርዕስ ነው የሚገኘው። ይህን አውቆ መግባት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ግን ሞልቶናል። በድሮው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው ውርርድ እያስያዙ የሚሟገቱበት በላ ልበልሃ አለ። የሶማሌ ኢሳዎች የቃል ሕግ፣ ሔር ኢሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የገባው በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም ነው፤ ለድሬዳዋ ሰው የጎረቤት ጉዳይ ነው። የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ተመዝግቧል። የጀጎል የዚክሪ ዜማ፣ የአፎቻ (የሐረሪ መረዳጃ ማኅበር) ስብሰባ፣ የቀፊራ ገበያ ክርክር፣ ሁሉም የሚጠና ንግግር ነው። በአንድ ከተማ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ እየተቀያየሩ የሚነገሩበት ቦታ ለዚህ ትምህርት ሀብት ነው፤ ማመልከቻዎ ላይ ይህን ሀብት በስሙ ይጥሩት።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚበላሽ ነገር አለ። ተማሪው አርስቶትል የዘረዘራቸውን ሦስት የማሳመኛ መንገዶች፣ ማለትም የተናጋሪውን ስብእና (ኢቶስ)፣ ስሜትን (ፓቶስ) እና አመክንዮን ይዞ ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ይሄዳል፤ «እዚህ ኢቶስ አለ፣ እዚህ ፓቶስ አለ» እያለ ምልክት ያደርጋል። ቴሲሱ ያልቃል፣ ስለ ጉባኤው ግን አንድም አዲስ ነገር አይናገርም፤ ሦስቱ የማይገኙበት ንግግር የለምና። የሚያዋጣው ጥያቄ ተገላቢጦሽ ነው፦ በዚህ ጉባኤ ማስረጃ ተብሎ የሚቆጠረው ምንድነው? ተረትና ምሳሌ፣ የቀድሞ ፍርድ፣ ግጥም፣ መሐላ? አንድ ሽማግሌ «ይህ ቃል አያስኬድም» ሲል በምን ሚዛን ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ የያዘ ማመልከቻ አገር ቤትም ውጭም አንባቢ ያገኛል።

እዚሁ አካባቢ መማር

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጥተው ይደርሳሉ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። የዚህ ምርጫ ትልቁ ጥቅም ሥራ ሳይለቁ፣ ቤት ሳይከራዩ፣ ከሚያጠኑት ሕዝብ ሳይርቁ መማር መቻሉ ነው። ጉባኤው በድንገት ሲጠራ፣ ሹዋሊድ ሌሊቱን ሲቀጥል፣ እዚያው ይገኛሉ። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ለአንድ ቅዳሜ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ጉድለቱ የምርጫው ጥበት ነው። በአቅራቢያው የሚያገኙት የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም የቋንቋ ማስተማር ወይም የአንድ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፤ በሱ ውስጥ የሬቶሪክ ርዕስ መያዝ የሚቻለው የሚያማክር መምህር ካለ ብቻ ነው። በተጨማሪም በዝርዝር ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ በየዓመቱ አይከፈትም፤ በቂ ተመዝጋቢ ካልተገኘ ይታለፋል። ስለዚህ ሬጅስትራር ሄደው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ፕሮግራሙ ባለፉት ሁለት ዓመታት ተማሪ ተቀብሏል ወይ? በመደበኛ፣ በቅዳሜና እሁድ ወይስ በክረምት ነው የሚሰጠው? ከገቡት ውስጥ ዲፌንስ ያደረጉት ስንት ናቸው? የመጨረሻው መልስ ከሁሉም ይበልጣል። በኤክስቴንሽን ኮርስ ጨርሶ ቴሲስ ላይ የሚቆም ተማሪ ብዙ ነው፤ ክፍሉ አብቅቶ ከአማካሪው ጋር የሚያገናኘው ቀን ሲጠፋ ወራት ሳይታወቅ ያልፋሉ። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ርዕስ ይዞ የእያንዳንዱን ኮርስ ተርም ፔፐር በዚያ ርዕስ ዙሪያ መጻፍ ነው።

የግል ኮሌጅ ቅርንጫፍ የሚያስቡ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ዕውቅና ያጣሩ። ዕውቅናው የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ ዓይነት ለየብቻው ነው። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደ ፕሮግራም ከዚራ ወይም ሐረር ባለው ቅርንጫፍ ያልተፈቀደ ሊሆን ይችላል። በመደበኛ የተፈቀደም በርቀት ላይፈቀድ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የዕውቅና ደብዳቤውን ኮፒ ይጠይቁና ሦስቱንም ይመልከቱ።

አዲስ አበባ መሄድ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዘርፍ ሁለት በር አለው። አንዱ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት ነው፤ ሚዲያን፣ የሕዝብ ግንኙነትን፣ የፖለቲካ ንግግርን ማጥናት ለሚፈልግ ይስማማል። ሁለተኛው የአማርኛ፣ የሥነ ጽሑፍና የፎክሎር በኩል ነው፤ ቃል ግጥም፣ ቅኔ፣ ሙግት፣ ተረት ለሚያጠና ሰው ቦታው ይህ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ብቻውን አዲስ አበባ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው፤ ስለ ሐረርና ስለ አካባቢው የተጻፉ የቆዩ ጽሑፎችን ለማግኘት ከዚያ የተሻለ ቦታ በአገር ውስጥ ማሰብ ያስቸግራል።

ሁለቱን በሮች የሚለያቸው ሌላው ነገር የጽሑፉ ቋንቋ ነው። በአማርኛው በኩል ቴሲስ በአማርኛ ይጻፋል፤ በጋዜጠኝነቱ በኩል እንግሊዝኛው ያመዝናል። በኋላ ውጭ ለሦስተኛ ዲግሪ ማመልከት የሚያስብ ሰው በአማርኛ የተጻፈ ቴሲስ ይዞ ሲቀርብ የጽሑፍ ናሙናውን እንደገና በእንግሊዝኛ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ይህ አማርኛውን እንዲተዉ አይደለም፤ የቃል ግጥምን በቋንቋው ማንበብና በቋንቋው መተንተን የራሱ ጥራት አለው። የትርጉሙን ጊዜ ግን ቀድመው ያስሉት።

አገር ውስጥ የትም ቢያመለክቱ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቃል። ፈተናው በዘርፍዎ ያለዎትን ዕውቀት ብቻ አይመዝንም፤ የቁጥርና የአመክንዮ ጥያቄዎችም አሉት። የቋንቋ ምሩቃንን የሚጥለው ይኸኛው ክፍል ነው። ቢያንስ ለሁለት ወር የመቶኛ፣ የጥምርታና የግራፍ ንባብ ይለማመዱ። የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሆነ የትምህርት ሚኒስቴርን ማስታወቂያ በየሳምንቱ ይከታተሉ።

ውጭ አገር፦ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሬቶሪክ

ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው እዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሬቶሪክ በሁለት ቤት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1914 የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን መሠረቱ፤ የዛሬው ብሔራዊ የኮሙኒኬሽን ማኅበር የዚያ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ንግግርን፣ የፖለቲካ ዲስኩርን፣ የተቃውሞ ንቅናቄንና መታሰቢያ ሐውልትን የሚያጠናው ሬቶሪክ በኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ተቀመጠ። ጽሕፈትን ማስተማርና የጽሑፍ አሠራርን የሚያጠናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ቀረ።

በመጀመሪያው ቤት የዊስኮንሲን ማዲሰን የሬቶሪክ፣ የፖለቲካና የባህል ፕሮግራም፣ የኖርዝዌስተርን፣ የፒትስበርግና የኮሎራዶ ቦልደር ይገኛሉ። በሁለተኛው የካርኔጊ ሜለን የሬቶሪክ ፕሮግራም አለ። በርክሌይ ያለው ለብቻው የቆመ የሬቶሪክ ትምህርት ክፍል ወደ ፍልስፍናና ወደ ቴዎሪ ያዘነበለ ስለሆነ «ንግግር ማሳመር እማራለሁ» ብሎ የሚሄድበት አይደለም።

ልዩነቱ ከንባቡ አልፎ ኪስዎን ይነካል። በኮሙኒኬሽን ክፍል ረዳት መምህር ሆነው የሚቀጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለጀማሪዎች የሕዝብ ንግግር ኮርስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ክፍል ደግሞ የአንደኛ ዓመት ድርሰት ያስተምራሉ፣ በየሳምንቱ ክምር ጽሑፍ ያርማሉ። ሲመለሱም ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ስም ይለያል። አገር ቤት የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣው በተወሰነ የትምህርት ዓይነት ስም ነው፤ «ኮሙኒኬሽን» የሚል ዲግሪ በቀላሉ ያልፋል፣ «ሬቶሪክ» የሚል ብቻ ከሆነ ኮሚቴው ፊልዱ አይገናኝም ሊል ይችላል። ለመመለስ ለሚያስብ ሰው የዲፕሎማው ስም ትንሽ ነገር አይደለም። የውጭ ዲግሪዎን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ ሲመረቁ ትራንስክሪፕቱን ብቻ ሳይሆን የኮርሶቹን መግለጫም ይዘው ይምጡ።

እንግሊዝ አገር ማስተርስ በአብዛኛው 1 ዓመት ነው፤ ባህል ጥናትና ሚዲያ እዚያ ጠንካራ ነው፣ ሬቶሪክ በስሙ ብዙም አይገኝም። የአንድ ዓመቱ ፍጥነት ከሥራ ለሚወጣ ሰው ያመቻል፤ ጥልቅ የመስክ ሥራ ለሚፈልግ ግን ጠባብ ነው፣ ክረምት ላይ ድሬዳዋ መጥቶ ቀርጾ ተመልሶ ለመጻፍ ጊዜ አይተርፍም። በአውሮፓ ማስተርስ በብዛት 2 ዓመት ነው። ጋዜጠኝነት ላይ ላለ ሰው በአውሮፓ ኅብረቱ የኢራስመስ ሙንደስ የጋራ ማስተርስ መርሐ ግብር ሥር ያለው፣ በዴንማርክ ኦርሁስ የሚጀምረው የጋዜጠኝነት፣ ሚዲያና ግሎባላይዜሽን ፕሮግራም በየዓመቱ ሊታይ የሚገባው ነው።

ገንዘቡ

አሜሪካ ለፒኤችዲ የሚሰጠው ድጋፍ ለማስተርስ ከሚሰጠው ይበልጣል፤ ለማስተርስ የሚከፍሉ ክፍሎች ግን አሉ፣ በተለይ የሕዝብ ንግግር ኮርሱን በረዳት መምህራን የሚያስተምሩት። ለክፍሉ በኢሜይል የሚጠየቀው ጥያቄ «ስኮላርሺፕ አለ?» ሳይሆን «ከማስተርስ ተማሪዎቻችሁ ስንቶቹ ረዳት መምህርነት አላቸው? ለስንት ዓመት?» የሚለው ነው። ደብዳቤው ሲመጣ አራት ነገር ይፈልጉ፦ የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ተነስቷል ወይ? የተማሪ አገልግሎት ክፍያውስ? የጤና መድን ማን ይከፍላል? ደመወዙ የ9 ወር ነው የ12? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይደሰታል፤ አገልግሎቱና መድኑ ከደመወዙ ላይ ሲቆረጡ፣ ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ደመወዙ ሲቆም ይደነግጣል። የመጀመሪያው ደመወዝ ከደረሱ በኋላ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል የዚያን ጊዜ ቤት ኪራይና ምግብ ይዘው መሄድ አለብዎ። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ትምህርት እየተሰጠ ባለበት ጊዜ በግቢ ውስጥ መሥራት የሚቻለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ ረዳት መምህርነቱ ያንን ስለሚሞላው ተጨማሪ ሥራ ተስፋ አያድርጉ።

ለእንግሊዝ፣ የአገሩ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ የተባለው ስኮላርሺፕ ክፍያውን ይሸፍናል፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱም ቢያንስ 2 ዓመት አገርዎ መቆየት ግዴታ ነው። በወረዳ ኮሙኒኬሽን ወይም በሬዲዮ ጣቢያ ለሠራ ሰው ይህ የሚመጥን በር ነው።

ወረቀቱ የሚበላሽበት

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተመረቀ ሰው የመጀመሪያው እንቅፋት የወጪ መጋራት ነው። ካልተከፈለ ወይም ካልተስተካከለ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማውጣት አይቻልም፤ እጅዎ ላይ ያለው ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ብቻ ይሆናል። ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያው ግምገማ ስቱደንት ኮፒ ይቀበላል፤ ከተቀበሉዎ በኋላ ግን ኦፊሻሉን በታሸገ ፖስታ ወይም ከሬጅስትራር በቀጥታ ይፈልጋል። ይህን ጉዳይ ከማመልከትዎ 6 ወር በፊት ይጀምሩት።

ስም ሁለተኛው ነው። ፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም ከትራንስክሪፕቱ በአንድ ፊደል ከተለየ፣ ወይም የቋንቋ ፈተናው ላይ የአባት ስም፣ ማመልከቻው ላይ ደግሞ የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ከገባ ፋይልዎ ለሁለት ይከፈላል። ፓስፖርቱን ቀድመው ያውጡና ሁሉንም በሱ ያስተካክሉ። ትራንስክሪፕት ላይ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈም ሬጅስትራሩ የፈረንጁን እንዲጨምር ይጠይቁ፤ አለበለዚያ በ2014 የገባ ተማሪ በእውነት ከገባበት ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ቀድሞ የገባ ይመስላል።

የድጋፍ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው፤ ሁለቱ ያስተማሩዎ መምህራን ቢሆኑ ይሻላል። መምህሩ ከተቻለ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ይጠቀም፤ በግል ኢሜይል የመጣ ደብዳቤ አንዳንድ ቦታ ይጠረጠራል። 6 ሳምንት ቀድመው ይጠይቁ፣ ከጥያቄው ጋር ሲቪዎን፣ ውጤትዎንና የእሱ ኮርስ ላይ የጻፉትን ወረቀት ይላኩ። «ጎበዝ ተማሪ ነበረ» የሚል አንድ አንቀጽ ደብዳቤ የሚመጣው መምህሩ የሚጠቅሰው ነገር ሲያጣ ነው።

የጽሑፍ ናሙናው በብዛት ከ15 እስከ 25 ገጽ ነው። በቡድን የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ አይሆንም። የግሉ ከሌለዎ አንድ ንግግር መርጠው አዲስ ትንተና ይጻፉ፤ ከአሮጌው ረጅም ወረቀት ይልቅ 15 ገጽ የራስ ሥራ ይመረጣል። የዓላማ መግለጫው ላይ ልጅነትን መተረክ ቦታ ይበላል። የመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄውን ይያዝ፣ ሁለተኛው እስካሁን የሠሩትን፣ ሦስተኛው በዚያ ክፍል ካሉ መምህራን የትኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ለምን እንደሚያስፈልጉዎ። አንድ መምህር ብቻ ታምኖ አይኬድም፤ ጡረታ ሊወጣ፣ ሊዛወር ይችላል።

የቋንቋ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው። ብዙ ክፍሎች በአይኤልትስ ከ6.5 እስከ 7 ይጠይቃሉ፤ ረዳት መምህር ለመሆን የንግግር ክፍሉ ውጤት ለብቻው ይታያል።

የአሜሪካ ማመልከቻ የሚዘጋው በብዛት ከህዳር 22 እስከ ጥር 7 ባለው ጊዜ ነው። መዝጊያው በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ከተባለ እኛ ጋ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ከ59 ነው፤ መብራትና ኢንተርኔት ሊጠፋ እንደሚችል አስበው ሁለት ቀን ቀድመው ይላኩ። ድጋፍ ያለው ቅበላ ከመጣ እስከ ሚያዝያ 7 አስበው መመለስ ይችላሉ፤ ቶሎ እንዲወስኑ ቢገፋፉዎም ይህን ቀን የሚያከብሩ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚልከው አይ-20 የሚባል ቅጽ ይመጣል፣ ከቪዛ ቃለ መጠይቁ በፊት 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ ይከፈላል፤ ክፍያዎች ስለሚለወጡ በዕለቱ ኦፊሴላዊ ገጹን ይመልከቱ።

ከመወሰንዎ በፊት የሚሠራ ሥራ

አሥር ደቂቃ የሚሆን እውነተኛ ንግግር ይቅረጹ፤ የአፎቻ ስብሰባ፣ የእርቅ ንግግር ወይም በአደባባይ የተነገረ ማስታወቂያ ይሁን። ተናጋሪውን አስፈቅደው፣ ለምን እንደሚፈልጉት ነግረው። ከዚያ ቃል በቃል ይገልብጡት፦ ማመንታቱን፣ ሳቁን፣ ቋንቋው የተቀየረበትን ቦታ ሁሉ። ኢላን የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ድምፁንና ጽሑፉን ጎን ለጎን ያሳያል። ጥርት ያለ የአንድ ሰው ንግግር አንድ ሰዓቱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሥራ ይወስዳል፤ ሦስት ሰው በሁለት ቋንቋ ከተነጋገረ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፣ ትርጉሙ ሲጨመር ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ሐረሪ ወይም ሶማልኛ የማይሰሙ ከሆነ ተርጓሚ ማግኘትና መክፈል ከአሁኑ በዕቅዱ ይግባ።

ገልብጠው ሲጨርሱ ጽሑፉ ላይ ጥያቄዎን ይጻፉ። ቃሉ ራሱ ካስቆመዎ የሬቶሪክና የኮሙኒኬሽን ክፍሎችን፣ የሰማው ሕዝብ ካሳሰበዎ የማኅበራዊ ሳይንሱን ኮሙኒኬሽን፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ካጓጓዎ ፎክሎርን፣ ማን ተናግሮ ማን ዝም እንዳለ ከታየዎ የባህል ጥናትን ይያዙ። ያንን ወረቀት ለቀድሞ መምህርዎ ይላኩት፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቁትም በዚያው ኢሜይል ነው።